በፍሌሚንግደን ፓርክ ሰባት ቤት ስንቆጥር

በዚያ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቶሮንቶ በእኅቴ ሳሎን የተገኙት እነዚህ ነበሩ፦ የቤቱ ባለቤት እኅቴ ጥሩወርቅ፤ ልትዳር የተዘጋጀችው ልጇ ሕሊና፤ እጮኛዋ ዮናታን፤ የዮናታን አባት አቶ ተፈራ፤ እናቱ ወይዘሮ አልማዝ፤ የአቶ ተፈራ ታናሽ ወንድም አቶ ግርማ፤ ከዳንፎርዝ ጎዳና ሱቃቸውን ዘግተው በሽምግልና የመጡት ሐጂ ሰይድ፤ ወንበር ልታውሰን መጥታ ወንበሮቿን ትታ መሄድ የከበዳት አፍጋናዊት ጎረቤት ፈሪባ፤ እና እኔ። ሌሎቹ የመጡት ሊሰሙ ነው። እኔ የመጣሁት ልቆጥር ነው።

ነገሩ የተጀመረው በምራቅ ነበር። ዮናታን ለሕሊና ልደት ሁለት ትንንሽ ብልቃጦች ገዛላት። ምራቅዎን ይላኩልን፣ የዘር ምንጭዎን እንነግርዎታለን የሚል ድርጅት አለ። ሁለቱም ተፉ፤ ላኩ። ከሳምንታት በኋላ ሁለቱም የምሥራቅ አፍሪካ ሰዎች መሆናቸው ተበሠረላቸው። ይህን ለማወቅ መስታወት ይበቃቸው ነበር። ከሥሩ ግን አንድ መስመር ተጨምራ ነበር፦ ሁለታችሁ የሩቅ የአጎት ልጆች ሳትሆኑ አትቀሩም ትላለች። ልጆቹ ስቀው ለወላጆቻቸው አሳዩ። አቶ ተፈራ አልሳቁም። ሰባት ቤት ሳይቆጠር ሠርግ የሚባል ነገር የለም አሉ። ዮናታን ደግሞ አባቴን ትቼ አላገባም አለ። ሕሊና፣ ሠርጉ ለኅዳር የተቆረጠላት ልጅ፣ እኔ ደግሞ ከዚህ በላይ አልጠብቅም አለች። አገሯን በልጅነቷ የለቀቀችውና ከአያታችን በላይ ስም የማታውቀው እኅቴ ስልክ አነሣችና እኔ ዘንድ ደወለች።

በስልክ ልቁጠርላችሁ ብዬ ነበር። አቶ ተፈራ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይቆጠርም ብለው መለሱ። የደወለችው ግን ከአራት አሥርት ዓመታት ወዲህ በሁለት ክረምት አንዴ የማያት እኅቴ ናት፤ ድምፅዋም ተሰብሮ ነበር። ሄድኩ።

ረቡዕ

ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ ወረድኩ። ረዳቱ ሻንጣዬን ከበግ ጎን አስሮ ስለጫነው አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ ሻንጣው የበግ ሽታ ይዞ ነበር። ቶሮንቶ እስክገባም አልለቀቀውም። ስለ በረራው የምጽፈው ብዙ የለኝም፤ ምግቡ ዶሮ ወይም ፓስታ ነበር፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ጣዕም ነበራቸው።

ሐሙስ

የዕድሜዬን ሥራ የሠራሁት በገብስ ላይ ነው። የት እንደተወለደ፣ በማን እጅ እንደተጓዘ፣ የትኛው ዝርያ ከየትኛው እንደተዛመደ ሳጠና ጡረታ ወጣሁ። ስለዚህ ከሰው ሁሉ ይልቅ የዕፅዋት ቁጥጥር ሕግ ማወቅ የሚገባኝ እኔ ነበርኩ። ሆኖም ለእኅቴ በሶ ይዤ ነበር። ጥምጣም ያሰረው ወጣት የጉምሩክ ሠራተኛ ከረጢቱን ከፍቶ አሸተተና ይህ ምንድን ነው አለኝ። የተቆላና የተፈጨ ገብስ ነው አልኩት። ይበቅላል ወይ? አለኝ።

እዚህ ላይ «አይበቅልም» ብል ኖሮ በአምስት ደቂቃ እወጣ ነበር። እኔ ግን ማስተማር ጀመርኩ። ሙቀት የዘሩን ፅንስ እንዴት እንደሚገድል አስረዳሁት። ከዚያ አልፌ፣ ሊቃውንት በአንድ ወቅት በእኛ ደጋ ያለውን የገብስ ዓይነት ብዛት አይተው ትውልዱ እዚያ ነው እንዳሉ፣ በኋላም ሐሳባቸውን ለውጠው ወደ መካከለኛው ምሥራቅ እንደመለሱት፣ ገብሱ ግን በዚህ ሁሉ ክርክር ከማሳው እንዳልተነቃነቀ ነገርኩት። ወጣቱ በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያም አለቃውን ጠራ። አለቃውም ሌላ ሰው ጠራ። በመጨረሻ በሶውን መለሱልኝና፣ ወጣቱ ሻንጣዬን ሲዘጋ አፍንጫውን ይዞ ፈገግ አለ፦ «ይህ የበግ ሽታ ነው? የአያቴ ቤት እንዲህ ይሸታል።» ከዚህ አገር የሰማሁት የመጀመሪያው ደግ ቃል ይኸው ነው።

እኅቴ የምትኖረው ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባል የረጃጅም ኪራይ ሕንፃዎች ሰፈር ነው። አሳንሰሩ ተበላሽቶ ነበር። በአገሬ የሠፈሬን ኮረብታ በየማለዳው ስለምወጣ ደረጃው ምን ያደርገኛል ብዬ ናቅሁት። ደጋ የተወለደ ሳንባ አለኝ፣ ደሜም ስስ አየር የለመደ ነው ስል እየተኩራራሁ ሰባተኛው ፎቅ ላይ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ከነኩራቴ ያነሣችኝ ፈሪባ ነች፤ ሻንጣዬን ከእጄ ነጥቃ በማላውቀው ቋንቋ እየተቆጣችኝ ቀድማኝ ወጣች። በአገሬ አንድ ሽማግሌ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ሲያዩ ቢያንስ አራት ሰዎች ቆመው ምክር ይሰጡት ነበር፤ ሻንጣውን ግን ማንም አይሸከምለትም።

«ወንድምጋሼ!» አለችኝ እኅቴ በር ላይ፤ ከዚያ ሳትስመኝ በፊት ማልቀስ ጀመረች። «ሰባቱን ታውቃቸዋለህ አይደል? በእግዚአብሔር አውቃለሁ በለኝ።»

«አውቃለሁ» አልኳት።

የማላውቀው ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር። በአባታችን ቤት የቅድመ አያታችን ስም ይጠራል፤ ሥራው ግን አይጠራም። እኔም ሥራውን በማንም ፊት ጠርቼ አላውቅም። ለምን እንደሆነ በቅርቡ እደርስበታለሁ።

ዓርብ

ሕሊና የሆስፒታል ፈረቃዋን ቀይራ ወደ ዳንፎርዝ ወሰደችኝ። ያለ አውቶቡስ ከፍሌሚንግደን ፓርክ መውጣት አይቻልም፤ አውቶቡሱም የሚመጣው ሲፈልግ ነው። በዚህ ብቻ ከአገሬ ጋር እኩል ሆኖ ተሰማኝ። አውቶቡስ ውስጥ ልጅቱ ቀጥ ብላ ተቀመጠችና እንዲህ አለችኝ፦

«ጋሼ፣ ሳይንቲስት ነህ አይደል? ሪዛልቱ ትሩ ነው?»

«እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሐሰትም ሊሆን ይችላል።»

«ኦ ማይ ጋድ፣ ጋሼ። እኔ ማሚን ኮል አድርጊለት ያልኳት ለዚህ ነው እንዴ?»

ስለዚህ በትክክል ነገርኳት። ድርጅቱ ያለው የእኛ ሰው ምራቅ ጥቂት ነው። ከአንድ ተራራ ሥር ለብዙ ዘመን እርስ በርስ የተጋባ ሕዝብ ደግሞ በማሽን ዓይን ሁሉም ዘመድ ይመስላል። እኔ ራሴ በወጣትነቴ ጥቂት የገብስ ናሙና ይዤ ግማሹ ሸዋ አንድ ቤተሰብ ነው ልል ተነሥቼ ነበር። የአቶ ተፈራም ወላጆች፣ የእኛም ወላጆች ከሰሜን ሸዋ ናቸው። የአባቷ ወገን ከጂማ ስለሆነ በዚያ በኩል ሥጋት አልነበረም።

«ታዲያ ይህን ለጋሽ ተፈራ ብትነግረውስ?»

«እነግራቸዋለሁ። ሰው ግን የሚያምነው የሚፈልገውን ማሽን ነው።»

የሐጂ ሰይድ ሱቅ ጠባብ ናት፤ ሰው ሲገባ ዕቃው ጎኑን ይገፋዋል። ከሁሉ በላይ ያሳቀኝ የጤፉ ከረጢት ነው። ጤፉ የበቀለው እዚሁ በምዕራብ ንፍቀ ክበብ ነው፤ አራሹ በትራክተር ነው የዘራው፤ በከረጢቱ ላይ ግን ግመል በበረሃ ሲሄድ ተሥሏል። ጤፍ በግመል አገር እንደማይበቅል ለሐጂ ነገርኳቸው።

«ዶክተር፣ እኔ የወሎ ሰው ነኝ፤ ለእኔ ጤፍ የት እንደሚበቅል ይነግሩኛል?» ብለው ሳቁ። «የሣለው ፈረንጅ አፍሪካ ሲባል ግመል ነው የሚታየው። ገዢው ደግሞ ግመሉን አይበላም። ተዉት።»

ቀጥለው በርበሬውን አሳዩኝ፤ ከህንድ የመጣ ቃሪያ ከአገር ቤት በመጣ ኮረሪማ ተቀምሞ፣ እዚሁ ስካርቦሮ ተፈጭቶ፣ «የእናት ቤት» የሚል ስም ተለጥፎበታል። እንጀራው ውስጥ ሦስት ዓይነት ዱቄት ተቀላቅሏል፤ ይሁንና ገዢዎቹ በስልክ ደውለው «ንጹሕ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፣ ሐጂም «እንደ እኔና እንደ አንቺ ንጹሕ ነው» ብለው ይመልሳሉ።

ሕሊና ወደ መደርደሪያው ስትሄድ ሐጂ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እኔ ተነገወዲያ በሽምግልና እቀመጣለሁ፤ ስለዚህ ሳልደብቅ ልንገርዎት። የተፈራ ነገር የሥጋ ዝምድና አይደለም። እዚህ ቆሞ ለግርማ ሲነግረው ሰምቻለሁ። ‘እነሱ ጠይብ ናቸው አሉ’ ነው ያለው።»

ሐጂ የነገሩኝን ለመስማት ያን ያህል መጓዝ አያስፈልገኝም ነበር። ጠይብ ማለት በእኛ አገር ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሸክላ የሚሠራ ሰው ነው። ማረሻውን ከእጁ ተቀብለን፣ የሠራውን ሰው ዓይን እንፈራለን። በእሱ ማረሻ የታረሰውን እንበላለን፣ ከእሱ ጋር ግን አንጋባም። አቶ ተፈራ ይህን በቶሮንቶ ጮክ ብለው ሊናገሩ አልቻሉም፤ ልጃቸው ይሥቅባቸዋል። ስለዚህ ምራቅ የሚመረምር ማሽን መጣላቸው። ማሽኑ «ዘመድ» ሲል የሰማይ ስጦታ ሆነላቸው።

«ምን አሰቡ?» አሉኝ ሐጂ።

«ምንም» አልኳቸው። ብዙ ጊዜ የምመልሰው ይህን ነው።

ቅዳሜ

አቶ ተፈራ ምሳ ጠሩኝ። ቤታቸው ሬክስዴል ነው፣ በከተማው ሌላ ጫፍ፤ አውሮፕላን በጣሪያው ላይ ሲያልፍ ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። ዮናታን በመኪና ወሰደኝ። ከቤቱ ብዙም ሳይርቅ የቧንቧ ብረት የሚያያይዝ ፋብሪካ አለ፤ እሱ እዚያ በያጅ ነው። መንገድ ላይ ስልኩን ሰጥቶኝ የሠራውን አሳየኝ። መስመሩ ቀጥ ያለ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ነበር። እጁ ላይ ትንንሽ የእሳት ጠባሳ አይቻለሁ።

ስለ አስተናጋጅነታቸው ፍትሐዊ መሆን ይገባኛል። ወይዘሮ አልማዝ ያቀረቡልኝ ዱለት ከአገር ከወጣሁ የበላሁት ምርጡ ነበር፤ ከእጃቸው ጉርሻ ያልተቀበለ ከገበታ አይነሣም። አቶ ተፈራም ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ መስኮቱ የቀረበውን፣ ፀሐይ የሚያየውን ስፍራ ለቀውልኛል። ከዚያ ወሬው ወደ ዘር ዞረ።

«የእኛ ዘር ባለ ከብት ነው፣ ዶክተር። ወተት እንደ ውሃ ነው የምንጠጣው። የዚህ አገር ሰው ግማሹ ወተት አይችልም፤ ለዚያ ነው ሱፐርማርኬቱ በሌላ በሌላ ወተት የተሞላው። ይህ የዘር ነገር ነው። አንቱ ሳይንሱን ያውቁታል።»

«በከፊል እውነት ነው» አልኩ። «ከብት ለረጅም ዘመን ያረቡ ሕዝቦች ዘንድ ካደጉ በኋላም ወተት የሚችሉ ብዙ አሉ። ነገር ግን በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ አንዱ ይችላል፣ አንዱ አይችልም።»

«በእኛ ቤት ሁሉም ይችላል!» ብለው ሁለት ትልልቅ ብርጭቆ ወተት አስቀዱ፤ አንዱን ለእኔ።

«ተፌ፣ ተው» አሉ ወይዘሮ አልማዝ።

«ምን ተው?»

«ያለፈውን ፋሲካ አስታውስ።»

ጠጡ። እኔም ጠጣሁ። ጥቂት ቆየት ብሎ አቶ ተፈራ ዘራቸውን በመሐል ትተው ወደ መታጠቢያ ቤት ሄዱ። ረጅም ጊዜ ቆዩ። ወይዘሮ አልማዝ ብርጭቆውን እያነሡ፣ «ዘሩን ሊያስመሰክር» አሉ በዝግታ፤ ዮናታን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እኔ ወተቱ ምንም አላደረገኝም። ከዚህ ስለ ትውልዴ ምንም ማስረጃ አይወጣም፤ ቢሆንም ደስ እንዳለኝ አልሸሽግም።

ሲመለሱ ያለ ምንም ኃፍረት ስለ ልጃቸው ማውራት ጀመሩ። «ልጄ ዌልደር ነው። ብረት ከብረት ሲያጋጥም መገናኛው አይታይም። አለቆቹ እንዲህ ያለ እጅ አይተን አናውቅም ይላሉ።» አባት በልጁ ሲኮራ ማየት ደስ ይላል። በዚያች ሰዓት ነው እሑድ ምን እንደምል ያወቅሁት።

እሑድ

ስለዚህ ወደ ጀመርኩበት ሳሎን ተመለስን። ሐጂ ሰይድ መሐል ተቀመጡ። መጀመሪያ ክርክሩ ከየት ይጀመር የሚለው ላይ ሆነ፤ አቶ ግርማ ከልጆቹ ነው አለ፣ አቶ ተፈራ ከወላጆች ነው አሉ። ፈሪባ ምን እንደሚባል ለመረዳት ከሕሊና ጎን ተጠግታ ነበር። «በእነሱ አገር ቢሆን» አለች ሕሊና የፈሪባን ቃል እየተረጎመች፣ «ለአጎትሽ ልጅ ነው የሚድሩሽ ትላለች።»

«እግዚኦ» አለች እኅቴ።

ከወላጆች እንዲጀመር ተስማማን። አቶ ተፈራ ቆመው ቆጠሩ። አባታቸው ገበሬ፤ አያታቸው ባሻ፤ ከዚያ በላይ ያለው ፊታውራሪ፤ ከእሱ በላይ ደጃዝማች። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ማዕረጉም አብሮ ይወጣ ነበር።

«ተፌ፣ ስንጋባ እኮ ፊታውራሪው ገና ግራዝማች ነበር» አሉ ወይዘሮ አልማዝ።

«አልማዝ!»

«ሾመውት ከሆነ መልካም ነው። እኔ ዜናውን አልሰማሁም ለማለት ነው።»

ተራው የእኔ ሆነ። እንደ ልማዱ ቆምኩ። «ጥሩወርቅ አንድ። አባታችን ደስታ ሁለት። አባቱ ወልደ ሰማያት ሦስት። አባቱ ቢተው አራት።» ቆም አልኩ። አባታችን ሁልጊዜ ከዚህ ወደ አምስተኛው በፍጥነት ያልፍ ነበር። «ቢተው ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻና ማጭድ ይሠራ ነበር። ጠይብ ነበር።»

እኅቴ ወደ ወለሉ ተመለከተች። ሕሊና «ዋት?» አለች። አቶ ተፈራ ወንድማቸውን ዞር ብለው አዩ።

«አላልኩህም?» አሉት። ድምፃቸው ላይ ደስታ ነበር።

«አልጨረስኩም» አልኩ። «አቶ ተፈራ፣ ማሽኑ ልጆቹ ዘመድ ናቸው ብሎ ነው ሠርጉን ያቆሙት። ዘመድ ከሆኑ አንድ አያት ይጋራሉ። ያንን አያት ስንፈልግ ደግሞ እኔ ገና አራተኛ ላይ ነኝ። እርስዎ ደጃዝማች አሉ፤ እኔ ቢተው አልኩ። ከሁለቱ አንዱን መጋራት አለብን። የእርስዎን ደጃዝማች እኔ አልፈልገውም። ቢተውን ከእኔ ጋር ለመካፈል ፈቃድዎ ከሆነ፣ ደስ ይለኛል፤ አጎቴ እያልኩ እጠራዎታለሁ።»

ሐጂ ሰይድ ጢማቸውን ያዙ። ወይዘሮ አልማዝ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«እኛ? ከጠይብ ጋር?» አቶ ተፈራ ተነሡ። «ማሽኑ ቀጥፏል! ምራቅ ምን ያውቃል?»

«እንግዲህ ልጆቹ ዘመድ አይደሉም?» አሉ ሐጂ ሰይድ፣ ልክ እንደ ዳኛ።

«አይደሉም!»

«እስከ ሰባት ቤት?»

«እስከ ሰባም አይገናኙም!»

«ሰምታችኋል» አሉ ሐጂ። «የተጠራነው ዝምድና ለማጣራት ነበር። አባትየው ራሱ የለም አለ። የእኔ ሥራ አልቋል።»

አቶ ተፈራ የተናገሩት የገባቸው ዘግይቶ ነው። «ቆይ፣ ቆይ። ዘመድ ባይሆኑም... ጠይብ ማለት እኮ...» አሉና ልጃቸውን አዩ። ልጃቸው ተነሥቶ ነበር።

«ዳድ፣ እኔ ሥራዬ ምንድን ነው?»

«ዌልደር ነህ።»

«ሙሉ ቀን እሳትና ብረት ነው። ከጋሼ ቅድመ አያት በምን እለያለሁ? ማስክ ስላደረግሁ?» ከዚያ ድምፁ ቀጠነ። «አባቴን ትቼ አላገባም ያልኩት በደም ከሆነ ብዬ ነው። ለዚህ ከሆነ ግን አገባለሁ። ብትመጣ ደስ ይለኛል፣ ዳድ። ባትመጣም አገባለሁ።»

ያገኘነው ድል ምን ዓይነት እንደሆነ አውቃለሁ። ልጆቹን ያዳነው የእኔ ሳይንስ አይደለም፤ የአንድ ሰው ንቀት ሠርጉን ለማስቀረት ከነበረው ፍላጎት መብለጡ ብቻ ነው። ቢተው በመቃብሩ ቢሰማ የሚኮራበት ነገር አላየሁም። ስሙ ከነሥራው ጮክ ተብሎ ተጠራ፤ ለእኔ ያ በቂ ነው።

አቶ ተፈራ ካፖርታቸውን ለበሱ። አንዱን እጅጌ ስላጡት ወይዘሮ አልማዝ ያዙላቸው፤ ለበሱና ብቻቸውን ወጡ። አቶ ግርማ፣ «እኔ ናይት ሺፍት አለኝ» ብሎ ሁላችንንም ተራ በተራ እየጨበጠ ተከተላቸው፤ እኔን ሲጨብጠኝ እጁን ትንሽ አቆየ። ምን ሊለኝ እንደፈለገ አልጠየቅሁትም።

እኅቴ ምግብ አወጣች። ግመል ከተሣለበት ከረጢት የተጋገረ እንጀራ ነበር፣ ፈሪባ ደግሞ ከቤቷ ሩዝ በካሮትና በዘቢብ ይዛ መጣች። ሕሊና ምግብ በምታቀርብበት መሐል ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ፣ «ጋሼ፣ ቢተው ስለሚባለው ሰው ሌላም የምታውቀው አለ?» አለችኝ። አለ አልኳት። ሲበላ እነግርሻለሁ አልኳት።

የወይዘሮ አልማዝ ስልክ ጮኸ። ድምፁ ከሩቅ ይሰማ ነበር፦ «ፓርኪንግ ነኝ። ነይ እንሂድ።»

«ሞተሩን አጥፋው፣ ተፌ» አሉ ወይዘሮ አልማዝ፣ ሩዙን ወደ ሳህናቸው እየጨመሩ። «ገና አልበላሁም።»

በመስኮቱ ወደ ታች ተመለከትኩ። የመኪናው መብራት በርቶ ነበር። ሞተሩ ጠፍቶ እንደሆነ ከዚያ ከፍታ ማወቅ አይቻልም።

ከዘጠኛችን በማዕዱ ዙሪያ የቀረነው ሰባት ነበርን፦ እኅቴ፣ ሕሊና፣ ዮናታን፣ ወይዘሮ አልማዝ፣ ሐጂ ሰይድ፣ ፈሪባና እኔ። ወይዘሮ አልማዝ ስምንተኛ ሳህን አንሥተው ሞሉትና በሌላ ሳህን ከደኑት። በልተን እስክንጨርስ ድረስ መኪናው አልሄደም።